ኢላምኤክስ 2፦ ነፃ የኮምፖዚት ማስያ ሶፍትዌር (የእንሰት ቃጫ ቴሲስ የያዛችሁም አንብቡት)

ኮምፖዚት (ፋይበርና ሬዚን ተዋህደው የሚሰሩት ማቴሪያል) ላይ ቴሲስ የያዛችሁ ልጆች ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፣ "የአባኩስ ክራክ አለህ እንዴ?" የለኝም። ቢኖረኝም መጀመሪያ ላይ አልሰጣችሁም ነበር፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ፋይናይት ኤለመንት (እቃውን በትንንሹ ከፋፍሎ የሚያሰላው ዘዴ፣ አባኩስም የዚህ ሶፍትዌር ነው) ውስጥ ዘሎ የሚገባው ገና አንዷ ሌየር (አንድ የፋይበር ንጣፍ) ምን እንደምትሰራ ሳይገባው ነው፣ ከዛ ቀይና ሰማያዊ ስዕል ይወጣለታል፣ ስዕሉን ቴሲሱ ላይ ይለጥፋል፣ ዲፌንስ ላይ "እዚህ ጋር ለምን ቀይ ሆነ?" ሲባል ጭጭ። ክራኩ ራሱ ደግሞ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየዞረ ቫይረሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ነፃው የተማሪ ቨርዥን ህጋዊ ነው ግን በ1000 ኖድ (የሞዴሉ ነጥቦች) የተገደበ ስለሆነ ትንሽ ወፈር ያለ ሞዴል አይችልም።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ኢላምኤክስ 2 ልፃፍላችሁ። ጀርመን ሀገር ድሬስደን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአውሮፕላን ኢንጂነሪንግ ክፍል ነው የሰራው፣ ነፃ ነው፣ በጃቫ ስለተሰራ ዊንዶውስም ላይ ሊኑክስም ላይ ይሄዳል፣ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ አለው። የዩኒቨርሲቲ ሪሰርች ውጤት ብዙ ጊዜ ፔፐር ሆኖ ሼልፍ ላይ ይቀራል፣ እነዚህ ሰዎች ግን በተን የሚጫን ነገር አድርገው ሰጡን፣ ለዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ይገባቸዋል።

ምን ይሰራል? ባጭሩ የላሚኔት (የተደራረቡ ሌየሮች) ካልኩሌተር ነው። የአንድ ሌየር ማቴሪያል ፕሮፐርቲ ታስገባላችሁ፣ ሌየሮቹን በየትኛው አንግል እንደምትደረድሩ ትነግሩታላችሁ፣ ጭነት ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ደግሞ የእያንዳንዷን ሌየር ስትሬስና ስትሬይን (ውስጣዊ ጫናና መለጠጥ)፣ የትኛዋ ቀድማ እንደምትሰበር፣ አጠቃላይ ፕሌቱ ምን ያህል ስቲፍ (ለመለጠጥ የሚያስቸግር) እንደሆነ ያወጣላችኋል። ከጀርባው ያለው ክላሲካል ላሚኔሽን ቲዎሪ የሚባለው ነው፣ እዛ ኮርስ ላይ በእጃችሁ ስድስት በስድስት ማትሪክስ ስትፅፉ አንዷ ማይነስ ጠፍታባችሁ ሌሊቱን ሙሉ የፈለጋችኋት። እሱን በሰከንድ ይጨርሰዋል።

አሁን ቁጥር እናስገባ፣ ሪቪው ያለ ቁጥር ወሬ ነው። የተለመደ ካርቦን ኢፖክሲ እንውሰድ፣ ስቲፍነሱ በፋይበሩ አቅጣጫ 140 ጊጋፓስካል፣ በጎኑ 10፣ ሺር ሞዱለሱ (መሸራተትን የሚቋቋምበት) 5፣ ፖይሰን ሬሾው (ሲሳብ በጎን የሚቀጥንበት መጠን) 0.3። ሌየሮቹን ሁሉ ዜሮ ዲግሪ ላይ ብትደረድሩ በቃ 140 ነው የምታገኙት፣ ብረት 200 እና ከዛ ትንሽ በላይ ነው፣ ካርቦኑ ደግሞ ክብደቱ የብረት አንድ አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያብድለት ቁጥር ይሄ ነው። አሁን አንግሉን ከዜሮ ወደ 5 ዲግሪ ቀይሩት። 117 ይላችኋል። ወደ 10 ዲግሪ ቀይሩት። 80! በ10 ዲግሪ ስህተት ከ40 ፐርሰንት በላይ ስቲፍነስ ጠፋ። በእጁ ፋይበር ያነጠፈ ሰው 10 ዲግሪ ማለት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ያውቃል፣ ሮለሩን አንዴ ወደ ጎን ገፋ ካደረግከው አልቋል። እኔ ይቺን ነገር ለማንም ተማሪ ቀድሜ የማሳየው ለዚህ ነው፣ መፅሀፍ ላይ "አናይሶትሮፒክ" (እንደ አቅጣጫው የሚለያይ) የሚል ቃል አስር ጊዜ ከማንበብ ይሄን አንዴ ማየት ይሻላል።

ቀጥሎ ደግሞ የታወቀውን ድርድር፣ 0፣ 45፣ ማይነስ 45፣ 90፣ ከዛ መልሶ በግልባጩ። ኳዚ አይሶትሮፒክ የሚባለው ነው፣ ጭነቱ ከየት እንደሚመጣ እርግጠኛ ባልሆንክበት ቦታ የምትጠቀመው። ስንት ይወጣል? 54 ጊጋፓስካል። አሉሚኒየም 70 ነው። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፣ ያ "ከብረት የሚበልጥ" የተባለለት ካርቦን ፋይበር በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንዲሰራ ሲደረደር በስቲፍነስ ከአሉሚኒየም ያንሳል። ደግነቱ ይቀላል፣ 1.6 ገደማ ነው ዴንሲቲው የአሉሚኒየም ደግሞ 2.7፣ ስለዚህ በኪሎ ስታሰሉት ወደ 30 ፐርሰንት ይበልጣል። 30 ፐርሰንት ለአውሮፕላን ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ዩቲዩብ ላይ ከሚነገረው አምስት እጥፍ፣ አስር እጥፍ ጋር አይገናኝም። ትርፉን በደንብ የምታገኘው ጭነቱ የሚሄድበትን አቅጣጫ አውቀህ ፋይበሩን እዛው ስታሰልፈው ብቻ ነው። ለምሳሌ የሚጠመዘዝ ዘንግ ከሆነ የምትሰራው ሁሉንም ፕላስና ማይነስ 45 አድርጉት፣ የመሳብ ስቲፍነሱ ወደ 18 ይወርዳል፣ ሺሩ ግን ከ5 ተነስቶ 36 ይደርሳል። ያው ማቴሪያል ያው ውፍረት። እኔ ይሄን ሳይ ነው ኮምፖዚት ዲዛይን ማለት ካታሎግ ላይ ማቴሪያል መምረጥ እንዳልሆነ የገባኝ፣ ማቴሪያሉን ራሱ ነው የምትሰራው።

ሌላው የምወደው ሲሜትሪ የሌለው ድርድር ስታስገቡ የሚሆነው ነው። ሁለት ሌየር ብቻ፣ አንዷ 0 አንዷ 90። ቢ ማትሪክስ የሚባለው ዜሮ መሆኑ ይቀራል፣ ማለትም ፕሌቱን ቀጥ አድርገህ ስትስበው ይጎብጣል፣ የሙቀት ለውጥ ስትሰጠው ደግሞ ማንም ሳይነካው ይጣመማል። ካርቦን ኢፖክሲ 177 ዲግሪ አካባቢ ነው ኦቶክሌቭ (ግፊት ያለው ምድጃ) ውስጥ የሚበስለው፣ ሲቀዘቅዝ አንዷ ሌየር በአንድ አቅጣጫ ሌላዋ በሌላ አቅጣጫ ትኮማተራለች፣ ከሞልዱ ስታወጡት ፀሀይ ላይ እንደዋለ ቆዳ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። እዚህ ጋር ግን ልብ በሉ፣ ቲዎሪው ኮርቻ አይነት ቅርፅ ነው የሚሰጣችሁ፣ ቀጭኑ እውነተኛ ፕሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ቱቦ ነው የሚሆነው፣ እንዲያውም በእጅ ገፋ ስታደርጉት ቀጭ ብሎ በሌላኛው በኩል ይገለበጣል። ቨርጂኒያ ቴክ የነበረው ማይክል ሃየር በ1981 ባሳተመው ስራ ነው ምክንያቱን ያሳየው፣ ጉብጠቱ ከውፍረቱ አንፃር ትልቅ ስለሚሆን ሊኒየር ሂሳቡ አይበቃም። ስለዚህ ካልኩሌተሩና በእጃችሁ ያለው ፕሌት ካልተስማሙ ወዲያው "ሶፍትዌሩ ተሳስቷል" አትበሉ፣ የሂሳቡ ድንበር ነው። ዲፌንስ ላይም ይቺን ነጥብ ያነሳ ተማሪ ኤግዛሚነሩን ዝም ያሰኛል።

የመሰበር ክራይቴሪያዎቹ (መቼ እንደሚሰበር የሚወስኑት ቀመሮች) ጋ ስንመጣ በሽበሽ ነው። ሳይ-ዉ አለ፣ ከ1971 ጀምሮ ያለው፣ ሁሉንም ስትሬስ በአንድ ቀመር ጨፍልቆ ተሰበረ ወይም አልተሰበረም ይላችኋል ግን ምኑ እንደተሰበረ አይነግራችሁም። የሃሺን አለ፣ የፋይበሩንና የማትሪክሱን (ፋይበሩን የያዘውን ሬዚን) ለይቶ የሚያየው። ከዛ የፑክ አለ፣ ጀርመኖቹ የሚወዱት፣ እኔም የምወደው፣ ምክንያቱም በፋይበሮቹ መሀል ያለው ስንጥቅ በየትኛው አንግል እንደሚሄድ ሁሉ ያሰላል፣ በመሳብ የተከፈተ ስንጥቅና በመጨፍለቅ ሰያፍ የሄደ ስንጥቅ አንድ አይነት አደጋ እንዳልሆነ ይለያል። ለእያንዳንዷ ሌየር ሪዘርቭ ፋክተር ይሰጣችኋል፣ ከ1 በታች ከሆነ ያቺ ሌየር አለቀላት። አንድ አይነት ላሚኔት ላይ ክራይቴሪያ ብቻ እየቀያየራችሁ እዩ፣ የተለያየ መልስ ነው የምታገኙት፣ አንዳንዴ በጣም የተለያየ። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋር ይደነግጣል፣ የትኛው ነው ትክክሉ? ይሄ ጥያቄ ትልልቆቹንም አስጨንቋል፣ በ1990ዎቹ እንግሊዞቹ ሂንተንና ሶደን ከካዱር ጋር ሆነው የአለም የቲዎሪ ባለቤቶችን ሁሉ ጠርተው "ያው ፋይበር፣ ያው ሬዚን፣ ያው ድርድር፣ በሉ ስንት ላይ እንደሚሰበር ተንብዩ" ብለው ፈተና ሰጧቸው። መልሳቸው ተራራቀ። ተራራቀ ስል በትንሽ አይደለም። የፑክ ጥሩ ከወጡት መሀል ነበር። እንግዲህ የቲዎሪው አባቶች ያልተስማሙበትን እናንተ አንድ ቁጥር በአራት ዴሲማል ፅፋችሁ ስትመጡ ትንሽ ያስቃል፣ ይቅርታ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። የፕሌት በክሊንግ (በግፊት መጎበጥ) ያሰላል፣ ቫይብሬሽን አለው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪሰበር ድረስ ሌየር በሌየር የሚከተል ክፍል አለው፣ ኤል ቅርፅ ያለው ነገር ሲበስል አንግሉ ትንሽ የሚዘጋውን ስፕሪንግ ኢን የሚያሰላም አለ። በክሊንጉን በደንብ ነው የተጠቀምኩበት፣ ሌላውን ነካ ነካ ነው ያደረግኩት ስለዚህ ብዙ አላወራም።

አሁን ወደማይሰራው። ይሄ ሂሳብ ሌየሮቹ ፍፁም የተጣበቁ ናቸው ብሎ ነው የሚነሳው፣ በቀጭን ፕሌት ልክ ነው የሚያስበው። ፒፕስና ፓጋኖ በ1970 እንዳሳዩት ግን የፕሌቱ ጠርዝ ላይ በሌየሮቹ መሀል ስትሬስ ይፈጠራል፣ ክላሲካሉ ቲዎሪ እሱን ጭራሽ አያየውም፣ ዲላሚኔሽን (የሌየሮቹ መላቀቅ) የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ እዛው ነው። ቡሎን ያሰራችሁበት ቀዳዳ አጠገብ፣ መዶሻ የወደቀበት ቦታ፣ ሁለት ፓርት በሙጫ የተጋጠሙበት፣ እነዚህ ሁሉ ሌላ ስራ ይፈልጋሉ። እሳትም ያው። የኛ አየር መንገድ በ2012 ድሪምላይነርን ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ ሲያስገባ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፣ ከክብደቱ ግማሹ ኮምፖዚት የሆነ አውሮፕላን፣ ከዛ በሐምሌ 2013 በፈረንጆቹ ለንደን ሂትሮው ቆሞ እያለ ማንም ሳይኖርበት ጭራው አካባቢ እሳት ተነሳ። የእንግሊዝ መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት ኮምፖዚቱ አልነበረም፣ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው የሊቲየም ባትሪ ነበር፣ ነገር ግን እሳቱ ከተነሳ በኋላ የቅርፊቱ ሬዚን እየተበላ ማገዶ ሆኖታል። አውሮፕላኑ እዛው ተጠግኖ በዛው አመት መጨረሻ ወደ ስራ ተመለሰ፣ እና ለኔ ከእሳቱ ይልቅ ጥገናው ነው የሚገርመኝ፣ አሉሚኒየም ቢሆን የታወቀ ነገር ነው ቆርጠህ ሪቬት ታደርጋለህ፣ ሙሉ በርሜል ሆኖ የበሰለን ካርቦን መጠገን ግን ያኔ ብዙ ሰው "አይቻልም" ሲለው የነበረ ነገር ነው። ለማንኛውም ይሄ ሁሉ ከካልኩሌተሩ ውጪ ነው።

የኛ ሀገር ተማሪ ትልቁ ችግር ግን ከነዚህ አንዱም አይደለም። ዳታው ነው። ሶፍትዌሩ ለአንድ ሌየር አራት የስቲፍነስ ቁጥር ይጠይቃችኋል፣ መሰበሩን ለማወቅ ደግሞ አምስት የጥንካሬ ቁጥር፣ በፋይበሩ አቅጣጫ መሳብና መጨፍለቅ፣ በጎን መሳብና መጨፍለቅ፣ ሺር። ለካርቦን ከኢንተርኔት ታገኛላችሁ። ለእንሰት ቃጫስ? እዚህ ሀገር በእንሰት ቃጫ፣ በሲሳል፣ በቀርከሃ የሚሰራው ቴሲስ ብዛቱ ሌላ ነው፣ ሀሳቡም ጥሩ ነው፣ ቆጮ ሲፋቅ የሚተርፈውን ቃጫ ገመድ ብቻ ከማድረግ የመኪና ፓነል ቢሆን ማን ይጠላል። ግን ያነበብኳቸው ብዙዎቹ ጋር ያለው ሰንጠረዥ ከሌላ ሰው ፔፐር የተቀዳ ነው፣ እሱም ከሌላ የቀዳው፣ መጀመሪያ የለካው ሰው የትኛውን እንሰት፣ ስንት አመቱን፣ ከቅጠሉ የትኛውን ክፍል እንደለካ አይታወቅም። ቃጫ ፋብሪካ የሚወጣ ነገር አይደለም፣ አንዷ ዘለላ ውስጥ ያሉት ራሱ እኩል አይደሉም፣ ክብ እንኳን አይደሉም ስለዚህ ዲያሜትር ለክተህ ኤሪያ ስታሰላ ገና ከዛው ስህተት ገባህ። በካስቲክ ሶዳ ያጠብከውና ያላጠብከው ይለያያል፣ እርጥበት ይጠጣል፣ በክረምት የሰራኸው ፕሌትና በበጋ የሰራኸው አንድ አይደለም። እንግዲህ በዚህ ላይ የተቀዳ ቁጥር አስገብታችሁ ኢላምኤክስ "ሪዘርቭ ፋክተር 2.31" ቢላችሁ ምን ማለት ነው? ምንም። እሱ የሰጣችሁትን ነው ያባዛው።

ሌላም አለ። ቃጫውን ቆራርጣችሁ በዘፈቀደ በትናችሁ ከሆነ የሰራችሁት፣ አንግል የሚባል ነገር የለም፣ ላሚኔሽን ቲዎሪም ብዙ አይጨምርላችሁም፣ ሁለት ቁጥር ይበቃችኋል፣ ቁጭ ብላችሁ ቴስት አድርጉ። ሱቅ የሚሸጠው ያ ነጭ የፋይበር ግላስ ማትም እንደዛው ነው፣ ገላጭ ወረቀት ላይ ያለውን የመስታወት ፋይበር 72 ጊጋፓስካል አይታችሁ ላሚኔቱም እዛ አካባቢ ይመጣል ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ በእጅ ተቀብቶ የሚሰራ ማት ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ነው። ፋይበሩ ትንሽ ነው፣ አቅጣጫው የተበታተነ ነው፣ አየሩ ብዙ ነው። ሬዚን ስትገዙ ደግሞ የተመረተበትን ቀን ጠይቁ፣ አንድ ሱቅ "ትናንት ነው የገባው" ብሎ የሸጠልኝ ፖሊስተር ሀርድነሩ ገብቶበት እስከ ማግስቱ ጧት እጅ ላይ ይለጠፍ ነበር፣ ከዛ ፕሌት የተቆረጠው ናሙና ማሽኑ ላይ ሲሳብ ተሰበረ ማለት ራሱ ይከብዳል፣ ተለጠጠ ነው የሚባለው። እግረ መንገዴን፣ ኮባልቱንና (የሬዚኑን መድረቅ የሚያፋጥነው) ሀርድነሩን በፍፁም ቀጥታ አንድ ላይ እንዳትቀላቅሉ፣ ይፈነዳል፣ መጀመሪያ ኮባልቱን ከሬዚኑ ጋር አዋህዱ፣ ሀርድነሩ በመጨረሻ።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ ቴሲሳችሁ ላይ ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት ዩቲኤም (ናሙና እየሳበ የሚፈትሸው) ማሽኑ ያለበትን ላብ አግኙ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተነጠፈ ፕሌት ስሩ፣ በፋይበሩ አቅጣጫና በጎኑ እየቆረጣችሁ ሳቡ፣ ፕላስ ማይነስ 45 የሆነ ሌላ ፕሌት ስሩ፣ ከሱ ሺሩን ታገኛላችሁ። መጨፍለቁ ያስቸግራል እሱ እውነት ነው፣ ናሙናው ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ልዩ መያዣ ይፈልጋል፣ ካልቻላችሁ አልለካሁም ብላችሁ ፃፉ፣ ምንም ነውር የለውም። ከዛ እነዚህን የራሳችሁን ቁጥሮች ኢላምኤክስ ውስጥ አስገቡና ያልለካችሁትን ድርድር፣ በሉ 0 እና 90 በሲሜትሪ፣ ስንት እንደሚሆን ተንብዩ፣ ከዛ ሰርታችሁ ሳቡት። ትንበያውና ልኬቱ ቢቀራረቡም ቢራራቁም ያ ነው ቴሲሱ። ቢራራቁ እንዲያውም የተሻለ ነው፣ የምትፅፉት ነገር አገኛችሁ።

ኢንተርፌሱን በተመለከተ፣ ለጀማሪ ትንሽ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ኮርሱን ያልወሰደ ሰው ከፍቶ የትኛው መስኮት ከየት እንደሚጀምር ግር ይለዋል፣ ማቴሪያል፣ ከዛ ላሚኔት፣ ከዛ ካልኩሌሽን በሚል ቅደም ተከተል ሂዱ። መልኩ የቆየ የኢንጂነር ሶፍትዌር ነው፣ የሚያብረቀርቅ ነገር የፈለገ ይከፋዋል። እኔ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አምስተኛዋን የያዝኩት ለጀማሪ እጁን ይዞ የሚመራ ነገር ቢኖረው ብዬ ነው። ዋጋው ዜሮ ሆኖ ይሄን ያህል መናገሬም ድፍረት ነው። ኮምፖዚት ኮርስ የሚያስተምሩ መምህራን ቢያስገቡት ደስ ይለኛል፣ ተማሪው አንዴ በእጁ አስልቶ ከዛ በዚህ ቢያረጋግጥ። ዝም ብሎ ለቴሲሱ የሚያምር ስዕል የሚፈልግ ሰው ግን አይሆነውም፣ በብዛት ሰንጠረዥ ነው የሚሰጣችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን አንድ ቼክ አድርጉ። አሉሚኒየምን እንደ አንድ ሌየር አስገቡት፣ በሁለቱም አቅጣጫ 70000፣ ፖይሰን 0.33፣ ሺር 26300፣ ሁሉም በሜጋፓስካል፣ ርዝመቱ በሚሊሜትር ጭነቱ በኒውተን። ከዛ አንግሉን እንደፈለጋችሁ አዟዙሩት። መልሱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተንቀሳቀሰ አንዷን ቁጥር በጊጋፓስካል አስገብታችኋል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሺሯ ናት።